ሞተር አጥፍቶ ማዳመጥ

ትራክተር የነዳ ሰው ጆሮው ውስጥ አንድ ጢንዚዛ አይጠፋም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ እራት ተበልቶ ጋደም ሲል እሱ ጢዝዝ ይላል። እኔ በመተማ ቆላ የሰሊጥና የማሽላ መሬት ሳርስ ዘጠነኛ ክረምቴን ስይዝ ጢንዚዛው ጎጆ ወጥቶ፣ ወልዶ ከብዶ ነበር። ጥጥ ወተፍሁ፤ አልሆነም። ሻሽ ጠመጠምሁ፤ አልሆነም። ለባለእርሻው ብነግረው «ትለምደዋለህ» አለኝ። ወይ ጉድ! ለምጄው አይደል እንዴ የምደነቁረው?

«የራስህን ጆሮ ራስህ ጠብቅ» ብዬ መተማ ዮሐንስ ገበያ ዳር የስልክ ዕቃ ወደምትሸጥ ልጅ ሄድሁ። ሁለቱንም ጆሮ ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን ትልቅ ማዳመጫ አወረደችልኝ። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭና ራሴ ላይ ስትደፋው ገበያው በአንዴ ጭር አለ። ሻጩም ገዢውም አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የለም። አውልቃ አስረዳችኝ። «ይኸ ቁልፍ የውጭውን ድምፅ ያጠፋል። ማሳ መሐል ብቻህን ስትሆን ይሁንህ። መንገድ ላይ ግን እንዳታደርገው፤ ጥሩምባ አትሰማም፣ ትራፊክ ካየህም ያስቆምሃል። በእግርህ ስትሄድ እንኳ አንዱን ጆሮህን ክፍት ተው።» ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ጠጋ ካላሉ አይሰማም። እኔም ጠጋ ብዬ እሺ፣ እሺ አልሁ። እውነቱን ልናገርና የሰማሁት ግማሹን ነው፤ ዓይኗን እያየሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ መመላለስ ሆነ ሥራዬ። አንድ ቀን ገመድ፣ አንድ ቀን ቻርጀር። ለስልኬ የማይሆን ልባስ እንኳ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ። በሦስተኛው ልባሱን ከእጄ ተቀበለችና መልሳ ሰቀለችው። «አንተ ሰውዬ፣ የምትፈልገው ዕቃ ነው ወይስ እኔን?» አለችኝ፣ በዚያች ዝቅ ባለች ድምፅዋ። ላብ በላብ ሆንሁ። «አንቺን» አልኋት። «እንግዲያው ሽማግሌ ላክ፤ አባቴ የሚኖሩት ሽንፋ ነው» ብላ ወደ ሌላ ገዢ ዞረች። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ማዳመጫው ማሳ ላይ ንጉሥ አደረገኝ። የሞተሩ ጩኸት ርቆ ርቆ፣ ሰፈር ማዶ እንደሚፈጭ ወፍጮ ሆነ። ማታ ስወርድ ራሴን አያመኝም፤ ሰው ሲያናግረኝ አልቆጣም። ደስ አለኝ። ክፋቱ፣ ደስ ያለኝን ነገር ልክ አድርጌ መያዝ አላውቅም። ከተማም ውስጥ እያደረግሁት መሄድ ጀመርሁ፤ አንዱን ጆሮ ክፍት ተው የተባልሁትን ትቼ ሁለቱንም ደፍኜ።

እኛ አገር ባንዲራ ሲወጣና ሲወርድ ፊሽካ ይነፋል፤ መንገደኛ ሁሉ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንደ እኛ ባለ የድንበር ከተማ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል፤ ከድልድዩ ማዶ የሱዳን ባንዲራ አለና። አንድ ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር በኩል እያለፍሁ ነው። ጆሮዬ ላይ ዘፈን ይደልቃል፤ ትከሻዬም ዝም አላለም። ቀና ስል ባለጋሪው ቆሟል። ሽንኩርት የምትመዝነዋ ሴት ሚዛኗን አንጠልጥላ ቆማለች። ሕዝቡ ሁሉ ቀጥ ብሏል። «ምን ሆኗል ይኸ ሰው?» አልሁ በሆዴ። ሁሉም እኔን የሚያይ መሰለኝና አንገቴን ሰበር እያደረግሁ ግራና ቀኝ ሰላምታ ሰጠሁ።

ፖሊስ አንገትጌዬን አንቆ ማዳመጫውን ገፈፈኝ። «ባንዲራ እየወረደ ትጨፍራለህ?»

«ኧረ አልሰማሁም!»

«ደንቆሮ ነህ?»

እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ምን ይደበቃል። «ደንቆሮስ ሌላ!» አልሁት። ይህችን ባልጨምር ኖሮ እዚያው ተግሳጼን ሰምቼ እሄድ ነበር፤ ጨምሬ ጣቢያ ወረድሁ። የጣቢያው ኃላፊ ሸበቶ ሰው ናቸው። ጉዳዩን ሰምተው ፈገግ አሉና፣ «ባንዲራህን አክብር የሚለው ሕግ ነው። ሕጉስ ይቅር፤ አገር ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ምን መጣ ብሎ መጠየቅ አያሻም?» አሉኝ። መክረው ለቀቁኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ግን የባጃጅ ሹፌሮች እኔን ባዩ ቁጥር ከባጃጃቸው እየወረዱ ቀጥ ብለው ይቆሙልኛል። ከዚያ ሳቅ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወሬዬ ከእኔ ሽማግሌዎች ቀድሞ ሽንፋ ገብቶ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ሄደው፣ ከበር ቆመው፣ ግቡ ተብለው ነገራቸውን ሲያቀርቡ አባቷ መጀመሪያ የጠየቁት «ያ ባንዲራ ሲወርድ እየጨፈረ ያለፈው ነው?» ብለው ነው። ሽማግሌዎቼ መሬት መሬት አዩ። አባቷ ቀጠሉ። «ልጄን ለማይሰማ ሰው አልሰጥም። ደግሞም በወሬ ብቻ አልፈርድም። በሚመጣው ሳምንት መተማ ጉዳይ አለኝ፤ ስመለስ በእሱ ትራክተር እመለሳለሁ። መንገድ ላይ አየዋለሁ። ሽንፋ ስንደርስ እሰጥ እንደሆን እሰጣለሁ፣ እምቢ እንደሆን እምቢ እላለሁ።»

ቀኑ ደረሰ። አባቷ ጤና ጣቢያ ደርሰው መጡ፤ ወገቤን ነው ብለዋል። ልጅቷ እኔን ወደ ጎን ሳበችኝ። «አደራ! ያንን ነገር ዛሬ ራስህ ላይ እንዳላየው። አባቴ እምቢ ካሉ እኔ ከቃላቸው አልወጣም፤ ከአሁኑ እወቀው።»

«ማርያምን አላደርገውም!» ብዬ ማልሁ። ማዳመጫውንም እያየችኝ የመፍቻ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት።

ተጎታቹ ላይ የሰሊጥ ዘርና የናፍጣ በርሜል ጭነናል። አባቷ በግራዬ የጎማው መከለያ ላይ ጋቢ አንጥፈው ተቀመጡ፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የማጫውታቸውን ሳዘጋጅ ነው ያደርሁት። ከከተማ እንደወጣን ጀመርሁ። «ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት ነው አባባ?» ዝም። «እርስዎ ጋ አረሙ በዛ?» ዝም፤ ፊት ለፊት መንገዱን ያያሉ። ትንሽ ቆየሁና፣ «ወገብዎ ተሻለዎት?» አልሁ።

«መስከረም ላይ ነው» አሉኝ።

ይህች ደግሞ ምን ማለት ናት? ደሜ ፈላ። እኔ እዚህ አንጀቴን አውጥቼ አወራለሁ፣ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ! ልጃቸውን ብጠይቅ እንጂ በሬያቸውን አልሰረቅሁ! «ካልፈለጉኝ አልፈልግህም ይበሉኛ!» አልሁ፣ በሆዴ ሳይሆን በአፌ። እሱንም አልሰሙትም፤ ጉንጫቸው እንኳ አልተነቃነቀ። የሞተሩ ጩኸት በአንድ በኩል፣ ንዴቱ በሌላ በኩል፣ ጢንዚዛዬ ተነሣ፤ ራሴን ወጋኝ።

የተጎታቹን ፒን ልይ ብዬ አቆምሁና ወረድሁ። ከሣጥኑ ማዳመጫውን አወጣሁ። ከተጎታቹ ኋላ ሆኜ ራሴ ላይ ደፋሁትና ለአቧራ የምንጠመጥመውን ሻሽ ከላይ ጠመጠምሁበት። ከውጭ ምንም አይታይም። ማርያምን ያልሁት ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ትዝ ብሎኝ ነው። ቁልፏን ተጫንሁ፣ ዘፈኔን ከፈትሁ፣ ተመልሼ ወጣሁ። ዓለም ተረጋጋች። ሽማግሌውም ዝም፣ እኔም ዝም፤ ተስማምተን ሄድን።

ቆላ ላይ ኾር የምንለው በበጋ ደረቅ አሸዋ የሆነ፣ በክረምት ድንገት የሚሞላ ወንዝ ነው። ተንኮሉ እኛ ጋ ሳይዘንብ መሙላቱ ነው። ዝናቡ ደጋ ላይ ይጥላል፤ ጎርፉ እኛ ጋ በጠራራ ፀሐይ ይደርሳል። ወንዙ ስለሚጠማዘዝ ዓይን አያድንም፤ የሚያድን ጆሮ ነው። ስለዚህ የቆላ ነጂ ኾር አፋፍ ላይ ሲደርስ ሞተር ያጠፋል፣ ይወርዳል፣ ያዳምጣል። ጎርፉ ገና ሩቅ ሳለ ያጉረመርማል። ማጉረምረም ከሌለ «ተማም!» ብሎ ይሻገራል። ቃሉን ከሱዳኖች የወሰድነው ነው፤ ደህና ነው ማለት ነው።

ደንቡን አላጎደልሁም። ሞተር አጠፋሁ። ዘፈኑንም አቆምሁ፤ ለማዳመጥ ብዬ፣ በጥንቃቄ! ወርጄ አፋፉ ላይ ቆምሁ። መዳፌን ከጆሮዬ ኋላ፣ ማለት ከሻሹና ከማዳመጫው ኋላ ደግፌ አንገቴን ወደ ላይኛው ወንዝ አዘነበልሁ። አባቷም ወርደው አጠገቤ ቆሙ፤ ዱላቸውን ተደግፈው እንደ እኔው አንገታቸውን አዘነበሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ትንፋሻችንን ይዘን አዳመጥን። ጭር ብሏል። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከተፈጠርሁ አላውቅም።

«ተማም!» አልሁ። እሳቸውም አፌን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጣን፤ ሞተር አስነሣሁ።

የፊት ጎማዎቹ አሸዋውን ሲረግጡ ማዶ አፋፍ ላይ ሰባት ስምንት ሰዎች አየሁ። ለአረም ከጎጃምና ከወሎ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። እጃቸውን ያወናጭፋሉ። የቀን ሠራተኛ ትራክተር ካየ «ጫነን» ማለቱ የታወቀ ነው። እኔም በአባቷ ፊት ቸር ሆኜ ልታይ ብዬ እጄን ከፍ አድርጌ አወዛወዝሁላቸው፤ እሺ፣ እጭናችኋለሁ ማለቴ ነው። ይኸኔ ባሰባቸው። አንዱ ጋቢውን ገፎ ያውለበልበዋል፣ አንዱ ይዘላል። «ምን ያሉ ቸኳዮች ናቸው!» አልሁ። እንደገናም አወዛወዝሁላቸው።

ትከሻዬ ላይ ዱላ አረፈ። ዞር ስል የአባቷ ፊት አመድ መስሏል። አፋቸው «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» እያለ ነው፤ ድምፁን ሳይሆን ከንፈራቸውን ነው ያነበብሁት። በዱላቸው የላይኛውን መታጠፊያ አመለከቱኝ። አየሁ። ወንዙ እየመጣ ነው፤ ግንድ ተሸክሞ፣ ቡኒ ሆኖ፣ ቁመቱ ከጎማዬ በላይ።

ተጎታች የያዘ ትራክተር ወደ ኋላ መመለስ ቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ ከተጠማዘዘ አለቀ። እንዴት አድርጌ እንደመለስሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማርያም በሐሰት የጠራኋትን ትታልኝ ነው። የፊት ጎማዎቹ አፋፉን ሲወጡ ውሃው ከሥራቸው አሸዋውን ጠርጎ አለፈ። ሻሹን ከነማዳመጫው ወደ አንገቴ ጎተትሁት። ያን ጊዜ ድምፁ ገባ። እግዚኦ! መሬቱ ይጮሃል። ማዶ ያሉት ሰዎች ድምፃቸው ሰልሎ አሁንም ይጮሃሉ። ያ ሁሉ ጩኸት እስካሁን የት ነበር?

ሞተር አጥፍቼ ወረድሁና መሬት ተቀመጥሁ። አባቷም አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ። «ልጄ፣ የባንዲራው ወሬ ልቤን አሻክሮት ነበር» አሉኝ። «ዛሬ ግን ሞተር አጥፍተህ፣ ወርደህ፣ እንደ አባቶችህ ስታዳምጥ አየሁህ። የሚያዳምጥ ሰው ነህ። ጎርፉ ድንገት ቢመጣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።»

ልጅቷ እጄ ገባች ማለት ነው። ከእኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ሻሹ አንገቴ ላይ ነው፣ ዕቃው ሻሹ ውስጥ ነው፣ ማን አየ? ሆድ ይፍጀው አልሁ። ሆዴ ግን አልፈጀውም። ማዶ እነዚያ የሰው ልጆች፣ የማያውቁኝ ሰዎች፣ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ጮኸውልኝ እኔ እጄን አወዛወዝሁላቸው። ደግሞ ሽማግሌውን፣ አምነውኝ የተቀመጡትን፣ ይዤ ልሰምጥ ነበር። አፈርሁ፤ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አፈርሁ።

ሻሹን ፈትቼ ማዳመጫውን ጉልበታቸው ላይ አኖርሁት። ውሃው ስለሚጮህ ወደ ጆሮአቸው ጎንበስ ብዬ በኃይል ተናገርሁ። «አባባ፣ አላዳመጥሁም! ይኸ ራሴ ላይ ነበር። ድምፅ የሚያጠፋ ነው። ለልጅዎ አላደርገውም ብዬ ምዬ ነበር፤ አደረግሁት። ተማም ያልሁት ምንም ሳልሰማ ነው!»

ዕቃውን አንሥተው አገላበጡት። «አለቀ ነገሬ» አልሁ በልቤ። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አወለቁና ማዳመጫውን ራሳቸው ላይ ደፉት። ቁልፏን እንድጫን በጣታቸው አመለከቱኝ፤ ተጫንሁላቸው። ፊታቸውን ወደዚያ ወደሚያገሣ ውሃ አዞሩ። እኔ ጸጥታው ሲመጣ ፊታቸው ሲለወጥ ለማየት ጠበቅሁ። አልተለወጠም። አወለቁት፤ አዳመጡ። መልሰው አደረጉት፤ አዳመጡ።

«ያው ነው» አሉ።

«ምኑ አባባ?»

«ሲደረግም ሲወልቅም።»

እሳቸው ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሡ ነገሩኝ። ጆሮአቸው ከደከመ ሦስት ዓመቱ ነው። አሁን እንዳደረግሁት ጎንበስ ብሎ ካልጮሁባቸው አይሰሙም። ጤና ጣቢያ የሄዱት ለወገባቸው አልነበረም። «ደንቆሮ ሆኑ እንዳልባል አንገቴን አዘነብላለሁ፣ የሰውን አፍ አያለሁ፣ ሲነቀንቁ እነቀንቃለሁ። ቅድምም አንተ ስታዳምጥ ያዳመጥሁ መሰልሁ። እኔ አንተን አምኜ፣ አንተ ያንን ዕቃ አምነህ!» ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «መንገድ ላይ ስለ ሰሊጡ ማጨጃ ጊዜ ነበር የጠየቅኸኝ?» አሉ።

«ኧረ ስለ ወገብዎ ነው!» ብዬ በጆሮአቸው ጮህሁ።

እኔ እኮ የናቁኝ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅሱ መሰለኝ። ሳቅ ነው። እኔንም ያዘኝ። ሁለት ደንቆሮ ጎን ለጎን ቆመን፣ አንገታችንን አዘንብለን፣ ተማም! ማዶ ያሉት ሰዎች «ከሞት አምልጠው ይኸን ያህል የሚስቁት ምን ነክቷቸው ነው?» ሳይሉን አልቀሩም።

ውሃው እስኪጎድል ዳቦ ቆርሰን በላን፤ እኔ በጆሮአቸው እየጮህሁ፣ እሳቸው በዝግታ እየመለሱ ብዙ አወራን። እንደዚያ ቀን ከሰው ጋር ያወራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ማዳመጫው ዛሬም አለኝ፤ ከሣጥኑ የሚወጣው ግን ትራክተሩ ማሳ ከገባ በኋላ፣ ዙሪያዬን አይቼ ነው። መንገድ ላይ፣ ኬላ ላይ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ ጆሮዬ ባዶ ነው። ትራፊክ ፈርቼ አይደለም። እሱንም እፈራለሁ፤ ግን እሱን ብቻ አይደለም።

የዚያን ቀን ከቀትር በኋላ ወንዙ ወርዶ አሸዋው ወጣ። አባቷ መቀመጫቸው ላይ እንዳሉ በዱላቸው ወደ አፋፉ አመለከቱኝ። «በል ውረድና አዳምጥ። እኔን አትይ፤ እኔ አልሰማም» አሉ፣ ጮክ ብለው፣ ሳያፍሩ። ወረድሁ። ከዛፍ ላይ ወፍ ይሰማኛል፣ ከማዶ የሠራተኞቹ ሳል፣ ከሥሬ አሸዋው የሚጠጣው ውሃ። ከላይ ምንም የለም። አላመንሁም፤ ቆይቼ ደግሜ አዳመጥሁ።

ተመልሼ ወጣሁና ጎንበስ አልሁላቸው። «ተማም አባባ!»

ክርኔን ጨብጠው ያዙኝ። ሽንፋ ገና ሩቅ ነው፤ መልሳቸውን እዚያ ነበር የምጠብቀው።

«እንግዲህ ልጄንም አንተ ስማልኝ» አሉ። «ቀስ ብላ ነው የምትናገር። ድምፅዋን ከሰማሁ ሦስት ዓመቴ ነው።»